ከዋንዛ የሠራናቸው ካሜራዎች

ፎቶው በኮርቻው ላይ ታስሮበት ለቅሶ የወጣው ፈረስ መልኩ ቡላ ነበር ብዬ አስታውሳለሁ። ጓደኛዬ ዳማ ነበር ይላል፤ ፈረስ የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ እርሱን ማመን ይገባኝ ነበር። ዓመቱም ሁለት ሺህ ስድስት ይሁን ሰባት አጥርቼ መናገር አልችልም። የተነጋገርነውንም ቢሆን ከጊዜ በኋላ በራሴ ቃል አስተካክዬ አስቀምጬው ሊሆን ይችላል፤ የሚጸጽት ነገር ደጋግሞ ሲታሰብ ቅርጹ መለወጡ አይቀርም። ካሜራዎቹን መሥራታችንን ግን አልጠራጠርም። አንደኛው ይህን በምጽፍበት ክፍል ጥግ ቆሟል፤ ልጆቼ ኮፍያ ይሰቅሉበታል።

በፊዚክስ ተመርቄ እንጅባራ አስተምር ነበር። ጓደኛዬ ከመናኸሪያው ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። በዚያን ጊዜ በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ወደ ብረት ዞሮ ስለነበር ሥራው ቀዝቅዞበታል። የሚስቱ ወንድም አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል ይነግዳል፤ መጋዙን ትቶ አብሮት እንዲሠራ በየሳምንቱ ይጎተጉተዋል። ጓደኛዬ ከሰልን አይወድም ነበር። እንጨት ተልጎ፣ ተወልውሎ፣ መልክ ሲያወጣ ማየት ለለመደ ሰው ያው እንጨት ከሰል እስኪሆን መጠበቅ ይከብዳል ይለኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ሐሳቤን ሳቀርብለት ወዲያው ተቀበለኝ፤ ገደብም አበጀለት። ካሜራዎቹ እስከ መስቀል ከተሸጡ በሙያው ይቀጥላል፤ ካልተሸጡ ወደ አዲስ ቅዳም ይሄዳል።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ስልክ በየኪሱ ገብቶ ፎቶ ቤቶች ባዶ እየቀሩ ነው፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺዎቹ ስልክ የማይችለውን ነገር የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። እያንዳንዱ የቅንድብ ፀጉር የሚታይበት፣ ከግድግዳ ላይ ሰውየው ራሱ የሚመለከት የሚመስል ትልቅ ፎቶ። ከውጭ የሚመጣው ትልቅ ካሜራ በእኛ አገር ፎቶ ቤት አቅም የሚታሰብ አይደለም። እኛ እንደ አዘና ባለ ትንሽ ከተማ ያለ ፎቶ አንሺ ሊገዛው የሚችለውን እንሠራለን። ሣጥኑን ጓደኛዬ ለዓመታት ካደረቀው የዋንዛ ሳንቃ አበጀው። ፊትና ኋላውን የሚያገናኘውን ወናፍ ከስስ የበግ ቆዳ አጣጥፎ በጥቁር ቀለም ነከረው። ሌንሱን ዳንግላ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ከሞተ የፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ፈታሁት። ለፊልም የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥበት ባሕር ዳር የራጅ ፊልም አመጣሁ፤ ከሁሉ የረከሰው ትልቅ ፊልም እርሱ ነበርና። ምስሉ ልክ በፊልሙ መጠን ይታተማል። ማተሚያ ወረቀቱ ግን ከአንድ የድሮ ፎቶ ቤት መጋዘን የተረፈ ስለነበር በቁጠባ ነበር የምንጠቀምበት።

ራጅ መሆኑ ከተሰማ በኋላ የሰፈሩ ሰው ቀልድ አላጣም። አንዱ በደጃፉ ባለፈ ቁጥር ጉበቱ ደህና መሆኑን እንድናይለት ይጠይቃል። ሌላው ሚስቱን አምጥቶ ልቧ ውስጥ ማን እንዳለ ሊያጣራ ይፈልጋል።

ለናሙና የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሣነው ጎረቤታችንን፣ በጉልምስናቸው ጊዜ በፈረስ ግልቢያ አገር ያወቃቸውን አንድ ሽማግሌ ነበር። የካቲት ይመስለኛል፤ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር በአዊኛ እየተጫወቱ መጡ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ከመቀመጣቸው በፊት በካሜራው ላይ ከሚደረበው ጥቁር ጨርቅ ሥር ገብቼ ማየት አለብኝ አሉ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠላቸው። ሽማግሌው ከካሜራው ጀርባ ባለው መስተዋት ላይ ተገልብጦ ሲያዩት ከጨርቁ ውስጥ ሲስቁ ይሰማል።

«ምነው ይኼን ልጅ ዘቀዘቃችሁት?»

«ወረቀቱ ላይ ይቃናል፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን። በዚህ ዕድሜዬ ተዘቅዝቄ አልታይም።»

ተቀመጡ። ክዳኑን ከሌንሱ ላይ አንሥቼ በልቤ ስቆጥር ጋቢያቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፎቶው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይዘው አስተውለው አዩት። ከዚያ «መታወቂያዬ ላይ ያለው ሰውዬ ሌባ ይመስላል። ይኼ ግን እኔ ነኝ» አሉ። ወረቀት ስናገኝ ሌላ ቅጂ ልናትምላቸው ተስማምተን ያንን በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀልነው። ያየው ሁሉ ይቆም ነበር። አንድ የዳንግላ ፎቶ አንሺ መጥቶ አየና ደንበኞች ከወደዱት ሊገዛ አንዱን ካሜራ ለሙከራ ወሰደ። አዘና ያለው ደግሞ ሌላውን ወሰደ። ጓደኛዬ በዚያ ሰሞን ለሚስቱ ወንድም ስልክ አያነሣም ነበር።

ግንቦት ላይ ሽማግሌው ዐረፉ። እኔ ያን ቀን ለፈተና ሥራ ዳንግላ ነበርኩ፤ ጓደኛዬም እንጨት ሊያይ ገጠር ወጥቶ ነበር። ለቅሶው ላይ የተገናኘነው በማግስቱ ነው። የስመ ጥር ፈረሰኛ ለቅሶ እንደ ሌላው ሰው ለቅሶ አይደለም። ከዳንግላም፣ ከአዘናም፣ ከአዲስ ቅዳምም ፈረሰኞች መጥተው ነበር። በመካከላቸው የሟቹ ፈረስ ተሸልሞ ሲሳብ፣ ያ ከግድግዳችን ላይ የነበረው ፎቶ በኮርቻው ላይ ታስሯል። ሕዝቡ እየተጠጋ ያየዋል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴት «ይኼማ ሊናገር ነው» ብለው እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። ፎቶውን ማን እንዳመጣው አልጠየቅንም፤ እኔ እርሱ ነው ብዬ፣ እርሱም እኔ ነኝ ብሎ አሰበ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «መምህር፣ አሁን ተሸጠ» አለኝ። በዚያ ሐዘን መካከል ደስ አለን። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዳንግላው ሰው ካሜራውን በሚኒባስ ጭኖ መለሰ።

«ሙሽሮች መጥተውልኝ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ» አለን። «አክስትየዋ ካሜራውን ስታይ ልጅቱን እጇን ይዛ አስነሣቻት። እሱማ የለቅሶው ካሜራ ነው አለች።»

«አንተ ታዲያ ምን አልካት?» አለው ጓደኛዬ።

«ምን ልበላት? እኔም እዚያው ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

የአዘናውም ተመለሰ። የለቅሶ ካሜራ የሚለው ስም ከእኛ ቀድሞ በየከተማው ደርሶ ነበር፤ ራጅ መሆኑም ሲጨመርበት ቀልዱ ቀልድነቱን ተወ። የዳንግላው ሰው እንደሄደ ጓደኛዬ ለምን ፎቶውን ለለቅሶ እንደሰጠሁ ጠየቀኝ። የሰጠኸው አንተ ነህ አልኩት። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ ግን አልተማመንንም። ከዚያ በኋላ አብረን ስንሠራ የምንነጋገረው ስለ ሙጫና ስለ ብሎን ብቻ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በክረምቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጭ ለብሰው፣ ጭቃውን ተሻግረው መጡ። እንደ ፈረሰኛው አድርገን እንድናነሣቸው ለመኑን። ጓደኛዬ ለማሳቅ ብሎ «እማማ፣ ምን አስቸኮለዎት? እርስዎ ገና ነዎት» አላቸው።

«ቸኩዬ አይደለም ልጄ። መታወቂያዬ ላይ ዓይኔ ጨፍኗል።»

ሳቅን፣ አክብረንም ሸኘናቸው። ካነሣናቸው የለቅሶ ካሜራ የሚለው ስም የሚጸናብን መስሎን ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ሽማግሎችም መጥተው ነበር፤ ስንት እንደነበሩ አላስታውስም፤ ሁሉንም በተመሳሳይ ትሕትና መለስናቸው። እኛ የምንጠብቀው ሙሽሮችን ነበር። በየለቅሶው ከመታወቂያ ተወስዶ በትልቁ እየታተመ የሚወጣውን፣ ዓይንና አፍንጫው የማይለይ የደበዘዘ ፎቶ ለዓመታት ሳየው ኖሬአለሁ፤ ሆኖም ደጃችን ድረስ የመጣውን ሰው ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም። ተምሬያለሁ የምለው ሰው ስለ ብርሃን ብቻ ነበር የማስበው።

መስቀል አለፈ፤ ጓደኛዬ ቃሉን ጠብቆ ሄደ። ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ እያስቆረጠ ከሰል ይጭናል፤ ኑሮው ከእኔ ይሻላል። በበዓል እንደዋወላለን። ስለ ካሜራዎቹ አንሥቼበት አላውቅም፤ እርሱም አያነሣም።

በቅርቡ የሽማግሌውን ትልቋን ልጅ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አገኘኋት። ፎቶውን ያኔ ማን እንደሰጣቸው ጠየቅኋት። አባቷ ሊሞቱ ሰሞን «ከመታወቂያዬ እንዳታስነሡ፣ የተነሣሁት ለዚህ ነው» ብለው እንዳዘዟት፣ ባረፉበት ዕለትም ሥራ ቤቱ ድረስ ሄዳ ራሷ እንደወሰደችው ነገረችኝ። የእርሷም ትዝታ እንደ እኔው ሊሳሳት ይችላል ብዬ ማታውኑ ለጓደኛዬ ሚስት ደወልኩ። እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም አለችኝ፤ እኔም ጓደኛዬም ባልነበርንበት ልጅቱ መጥታ ጠየቀቻት፤ ምስማሩን ነቅላ፣ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ለልጅቱ የሰጠቻት እርሷ፣ የጓደኛዬ ሚስት፣ ነበረች።