ሙቀት የማይችሉት የሱጉና ዝንቦች

አንዳላማ ምራታቸው ዝንብ እያረባች እንደምትማር ሲሰሙ ቀልድ መስሏቸው ነበር።

«ሰው ዝንብ ያባርራል፤ የኔዋ ትቀልባለች» ይሉ ነበር ለጎረቤት። ይበሉ እንጂ፣ ሱጉና ሃይደራባድ ካለው ቤተ ሙከራ እስክትመለስ ሕፃን ልጇን ይዘው የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ባሏ ለግንብ ሥራ ዱባይ ነው።

ሙቀት ሲበረታ በሴል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይበላሻል። ያን ጊዜ የተጣመመውን የሚያቃኑ አጋዥ ፕሮቲኖች በብዛት ይመረታሉ። «አምርት» የሚለው ትእዛዝ የሚነሳው ከእነዚህ አጋዦች ዘረመል ፊት ካለች አጭር የዲ ኤን ኤ ክፍል ነው። ሱጉና ይህን ለማረጋገጥ ይህቺ ክፍል የተበላሸችባቸውን ዝንቦች ለማግኘት ዓመታት ደከመች። በመጨረሻ ተሳካላት፤ በጥቂት ብልቃጦች ውስጥ ይራቡላት ጀመር።

ሳትሞክራቸው፣ በግንቦት ሐሩር፣ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልነሳ ስላለ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ቆመ። ሌሎቹ ዝንቦች ሙቀቱን ይችሉት ይሆናል። የእሷዎቹ ግን አጋዥ የሚጠራላቸው የለም። ወደ ቤት ደወለች።

«አታያ፣ ዛሬ አመሻለሁ። ዝንቦቼ ሊያልቁብኝ ነው» አለች አማቷን፤ ድምጿ ተሰብሯል።

አንዳላማ ጠየቁ፦ «ብዙ ናቸው?»

«አንድ ቅርጫት አይሞሉም።»

«ታዲያ እዚያ ቆመሽ ምን ያስለቅስሻል? አምጫቸዋ። የውኃው እንስራ ሥር ይቀመጣሉ።»

አስተማሪዋ ራጋቩሉ «ብልቃጦቹ እንዳይከፈቱ ብቻ» ብለው ፈቀዱላት። ቅርጫቱን አቅፋ በባጃጅ ስትደርስ፣ አማቷ በእንስራው ዙሪያ አሸዋ አፍስሰው አርሰውት፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቅለው ጠበቋት። ብልቃጦቹን አሸዋው ላይ ደረደሯቸው። አንዳላማ ሕፃኑን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ውኃ ሲረጩ ዋሉ።

ጎረቤት በበር ብቅ ብላ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የሚያስታምሙት?» አለቻቸው።

«የልጅ ልጆቼን» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። ጥቂቶቹ ሞቱ፤ የቀሩት ግን ለዘር በቁ። ሱጉና በኋላ ልጆቻቸውን ወስዳ ሞከረች። ጤነኞቹን ለጥቂት ጊዜ ስታሞቃቸው አጋዡ ፕሮቲን በሴላቸው ሞላ። በእሷዎቹ ግን ምንም ያህል አልተገኘም። ጤነኛዋን ክፍል ስትመልስላቸው ምርቱም ተመለሰ። ውጤቱን ያየች ቀን ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ወዲያው ትዝ ያላት ያ የራሰ አሸዋ ነው።

ጥናቷን በጉባኤ ፊት ስታቀርብ፣ ከአስተማሪዋ አስቀድማ አማቷን አመሰገነች። አንዳላማ ሕፃኑን ታቅፈው ፊት ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የሰሙት ስማቸውን ብቻ ነው።

ሲወጡ ሳሪያቸውን እያስተካከሉ፣ «ምን ብለሽ ነው ያነሳሽኝ?» አሏት።

«ያለ እርስዎ አይሆንም ነበር አልኩ።»

«እሱንማ እኔም አውቀው ነበር» አሉና ሕፃኑን አስታቀፏት፤ ክንዳቸው ዝሎ ነበር።