ደብል የመታሁበት ዓመት

ልጅ እያለሁ፣ ጎንደር ቀሐ አካባቢ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ደብል መምታት የሚባል ማዕረግ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ፣ ርእሰ መምህሩ ካመኑበት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። የኛ ዘመን ልጆች አትረሱትም። ደብል የመታ ልጅ በሰፈር ሲያልፍ እናቶች በጣት ያሳዩት ነበር፤ በዚያው አፋቸው የራሳቸውን ልጅ ይረግማሉ።

እኔ የመታሁት ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ነው። ጎበዝ ነበርሽ ወይ ብትሉኝ፣ ጎበዟ እታለም ነበረች። እታለም የምላት በአንድ ክፍል የምትቀድመኝን ታላቅ እኅቴን ብርቄን ነው። አባባ አናጢ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራ ቤቱ በር ላይ እንቀመጥና፣ እሷ በተላገ ጣውላ ላይ በከሰል እየጻፈች የዕለቱን ትምህርት ትደግምልኛለች። እሷ መምህር፣ እኔ ተማሪ፤ ሌላ ጨዋታ አልነበረንም። እስካሁን አዲስ የተላገ ጽድ ሲሸተኝ የማባዛት ሰንጠረዥ ትዝ ይለኛል። ሦስተኛ ክፍል ስገባ የሦስተኛን ትምህርት በእታለም አፍ ጨርሼው ነበር፤ መምህራኑ ግን ይህን አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

አባባ የፈቃድ ወረቀቱን የፈረመው እጁ ላይ ያለውን ሰጋቱራ እንኳ ሳያራግፍ ነው። ጎረቤታችን አያ ዘለቀ ብቻ ደስ አላላቸውም።

«ምነው ተቻኮላችሁ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ።

«ሸጋ ብለዋል አያ፤ ይህቺ ግን እየሮጠች ነው» አለና አባባ ሳቀ። እታለም አዲሱን ደብተሬን በጋዜጣ ሸፈነችልኝ።

አራተኛ ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር የገባሁት እታለም ክፍል ነው። የሒሳቡ መምህር አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥያቄ ይጠይቁና በጠመኔ ወደፈለጉት ልጅ ይጠቁማሉ። ያልመለሰ ይቆማል። እንዲህ እያሉ አንድ የሚመልስ እስኪገኝ ይዘልቃሉ፤ የመለሰው ልጅ ተነሥቶ የቆሙትን ሁሉ አናት አናታቸውን በኩርኩም እየመታ ያስቀምጣቸዋል። ይህን ማንም ጭካኔ ብሎት አያውቅም፤ ወላጆችም ሲሰሙ «እሰይ» ነበር የሚሉት።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን «ሰባት ሲባዛ በስምንት?» አሉ። አራት ልጆች ቆሙ፤ አራተኛዋ እታለም ነበረች። ከዚያ ጠመኔው ወደኔ ዞረ። «ሃምሳ ስድስት» አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ። ሦስቱን መታ መታ አድርጌ እታለም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እኛ ቤት ታላቅ አይመታም፤ በስም እንኳ አይጠራም። እሷ ቁመቴ እንዳላደረሰኝ አይታ ጎንበስ አለችልኝ። ነካ ባደርጋት መምህሩ «ይህ ኩርኩም ነው ማሻሸት?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ጠንከር አድርጌ መታኋት። ስለሳቁብኝ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴ የወጣው እሷ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣውላውና ከሰሉም ቀረ። እኔም በልቤ ቆረጥኩ፦ እታለም ቆማ እያየሁ ሁለተኛ አልመልስም። ከዚያ በኋላ ጠመኔው ወደኔ ሲዞር፣ መልሱ ምላሴ ላይ እያለ፣ ተነሥቼ እቆማለሁ። እሷም ትቆማለች። ጌጡ የሚባል፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ ልጅ ይመልስና ሁለታችንንም ይኮረኩመናል። የጌጡ ጣት መዶሻ ነበር። ወር ያህል እንዲህ ኖርን።

በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ አባባን አስጠሩት። «ልጅቷ አልቻለችም። በዚህ ሳምንት ካልተሻሻለች ወደ ሦስተኛ እንመልሳታለን» አሉት። በኛ ሰፈር ደብል መትቶ መመለስ ከመውደቅ ይብስ ነበር፤ የወደቀ ጓደኛ አያጣም፣ የተመለሰ ግን ብቻውን ነው። አባባ አልተቆጣም። ያን ቀን እስኪመሽ ጣውላ ላገ። እንዲቆጣኝ በጣም ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እታለም መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዛሬ መልሺ» አለችኝ።

«አንቺስ ብትቆሚ?»

«የኔ ራስ ድንጋይ ነው፤ እኔን ተይኝ። አባባን ግን አታዋርጂው።»

መለስኩ። እሷ ቆማ ነበር፤ መታኋት። በማግስቱም መታኋት። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተውኩ፤ እጄም ለመደው። ልማድ መጥፎ ነው።

ካርድ ሲታደል እኔ ስምንተኛ ወጥቼ አለፍኩ። እታለም ወደቀች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከክፍል እየወጣች መጥፋት ጀምራ እንደነበር አባባ ያን ቀን ነው የሰማው። አባባ «ታናሽሽ እንኳ...» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ያልጨረሳት ቃል ግን ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ኖረች። እታለም አራተኛን ደገመች፣ ስምንተኛ ላይ ትምህርቱን ተወችው። አሁን ከጎንደር ወጣ ብሎ ጠዳ ላይ የእህል መደብር አላት፤ ደኅና ትኖራለች። እኔ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እሠራለሁ።

በቅርቡ ከልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሒሳብ ብቻ ከበላዮቿ ክፍል ጋር እንድትማር አስበው የወላጅ ሐሳብ፣ የልጅቷንም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያኔ ማን ጠይቆን! እታለም ቤቴ መጥታ ስለነበር አነበብኩላት።

«አሁንም ይማታሉ?» አለችኝ።

«ኧረ፣ ኩርኩም ከቀረ ስንት ዘመኑ።»

«እንግዲያ ትግባ» አለች። ከዚያ፣ የእህል ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «እኔስ ማባዛት ጠፍቶኝ መስሎሽ ኖሯል?» አለችኝ።

ደብዳቤውን ከእጄ አስቀመጥኩት።

«የመጀመሪያው ቀን እውነትም ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንቺ ቆመሽ እያየሁ ብመልስ፣ ማንን ልመታ ነው?»

ያን ወር ሙሉ ሁለታችንም በአንድ ምክንያት ቆመን ኖረናል። ልዩነታችን እኔ መልሺ ስባል መመለሴ ነው። ደብዳቤውን ፈረምኩ። ልጄ ከታላላቆቿ ጋር ትማራለች፣ ማንም አትምቺ ወይም ምቺ አይላትም፣ ደስም ብሎኛል። እኅት ግን የላትም። እኔ ነበረችኝ፤ መትቻት አለፍኩ።