የሣር መስክ ስሞች በሁስቢ

አዲስ ነገር ተምራችሁ የምትነግሩት ሰው አጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ባለፈው ጸደይ ገጥሞኛል።

ስቶክሆልም ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለክፍሌ ግጥም ስመርጥ፣ ዛሬ ከግጥም ውጭ እምብዛም የማይነገሩ የእንግሊዝኛ የሣር ምድር ስሞች አገኘሁ። ሊ ክፍት የሣር መስክ ነው። ሚድ ብዙውን ጊዜ ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድ መስክ ነው፤ ስዋርድ ደግሞ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ያለበሰው ሣር ራሱ። ልዩነታቸውን በሦስት ቀለም ሰሌዳው ላይ ሳልኩት።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?» አለች አንዲት ተማሪ በስዊድንኛ። ወላጆቿ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በአማርኛ ግን አትመልስም።

«አሁንማ ማንም አይልም።»

«ታዲያ እኛ ለማን ልንለው ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምሳ ላይ ለአንድ ባልደረባዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሚድ ላይ ሳልደርስ ቡና ሊቀዳ ተነሣ።

በከተማዋ ዳር ባለው ሁስቢ ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ወሬያችን በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተራችን መቼ እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ቴሌቪዥናቸው፣ እኔ ወደ ክፍሌ። ያን ቀን ግን ከሰው ጋር ሳላወራ በሬን መዝጋት አቃተኝ። የሳሎኑ ደፍ ላይ ቆሜ ማብራሪያዬን ጀመርኩ። ስለ ሊ ተናግሬ ሳልጨርስ ዓይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ሁለተኛውን ቃል ተውኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ባደጉበት አገር ውሃ የሚተኛበትን የሣር መስክ ምን ይሉታል?»

«ለፈተና ነው ወይስ ላም ልትገዢ?»

«እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

«ጨፌ ነዋ! አስተማሪ ተብለሽ ጨፌ አታውቂም?» ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «ነይ ተቀመጪ።»

ጨፌን አውቀው ነበር፤ ሳልነግራቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። እሳቸውም በወሬ ያደጉበት ሱሉልታ ገቡ። ክረምት ሲወጣ ጨፌው ሲረግጡት ከእግር በታች እንዴት እንደሚርገበገብ፣ የሰጠመች ጊደር በገመድ እንዴት እንደምትጎተት ነገሩኝ። ሲደክማቸው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ «ደህና እደሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ክፍሌ እንደወትሮው ጭር ያለ ነበር። ነገ ምን እንደምጠይቃቸው እያሰብኩ ተኛሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። አጠገባችሁ ያለውን ሰው፣ ባደገበት አገር የሣር መስክ ምን እንደሚባል ጠይቁት። መልሱን ብታውቁትም አትቅደሙት።