ማዕድ የሌለው ደቦ

ለግብርና ሬዲዮ ዝግጅት ሪፖርተር ሆኜ ከሚሴ የገባሁ ቀን አለቃዬ መቅረጸ ድምፅ አስረከበኝና «ገበሬው ድምፅህን አምኖ ነው ማሳው የሚገባው። ምክር አታጓድል» አለኝ። ከዓመታት በኋላ የጨፋ ሸለቆ ገበያተኛ ፊቴን ሳያይ በድምፄ ይለየኝ ጀመር። ይህን ወድጄው ነበር።

አተት የገባ ክረምት፣ ተቅማጡና ትውከቱ ሲበረታ፣ የገበሬ ሥልጠና ተከለከለ። በዚያው ሰሞን ተምች በበቆሎው ላይ ወረደ። ትሉ ማለዳ በእጅ ይለቀማል፤ ለአንድ ቤተሰብ ስለማይቻል ደቦ ይጠራል። ምክሩ በሬዲዮ ይተላለፍ ሲባል ጊዜው የእኔ መሰለኝ።

ጨፋ ሮቢት አጠገብ ስደርስ ግን ሰው የሚጠብቀው የልማት ሠራተኛዋን ዘሀራን ነበር። ማሳ ዳር ቆማ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀለች ለቃሚዎቹን በየመስመሩ አራራቀቻቸው።

«ምሳና የፈላ ውሃ ሁሉም ከየቤቱ። ከአንድ ትሪ መብላት የለም።»

«ደቦ የመጣልኝን ሰው ባዶ ሆዱን ልሸኝ? ወላሂ አፍራለሁ» አለ ባለማሳው።

«በእኔ አሳብብ። ዘሀራ ከለከለችኝ በል።»

ሳቁና ተስማሙ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ጋዜጠኛው፣ አንተም ከእሷ እየሰማህ ነው ለካ የምትነግረን» አለ። ቃሉ እስከ ማታ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ስቱዲዮ ገብቼ ማሳው ላይ የቀረጽኩትን ድምጿን ከዝግጅቱ ቆርጬ አወጣሁት። «ተራርቆ ደቦ መውጣት ይቻላል» የሚለውን በራሴ ድምፅ አነበብኩ። የምሳውን ነገር ተውኩት። ሰዓት አጥሮኝ አልነበረም፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ያምር ስለነበር ቀንቼ ነው።

በሳምንቱ ሌላ ቀበሌ፣ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ዝግጅቱን ሰምተው ደቦ ጠርተዋል፤ እንደ ወጉም አብልተዋል። እሳቸውን ጨምሮ ሰባት ሰው ታሞ ሕክምና ድንኳን ገባ። ሁሉም ዳኑ። ማሳቸውን ግን ከዚያ ወዲያ የሚለቅምላቸው ጠፋና ተምቹ ጨረሰው። ሌላ ማሳ የላቸውም።

«ሬዲዮው ስለ ምሳው ተናግሮ ነበር? እኔ ነኝ ያልሰማሁት?» አሉኝ።

«አልተናገረም። ለእኔ ተነግሮኝ ነበር፤ ቆርጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እኛ እኮ አምነንህ ነው» አሉ።

ዘሀራን ሄጄ ነገርኳት።

«ቀርጸኸኝ አልነበር?»

«ቀርጼሽ ነበር።»

«ነገም ደቦ የሚወጣ ቀበሌ አለ። ዛሬ አሰማው።»

የዚያን ዕለት ድምጿ ሳይቆረጥ ከነስሟ ተላለፈ። የጋሽ እንድሪስን በቆሎ አልመለሰም።

ገበሬ የሚወደው ባለሙያ ሳይ ዛሬም እቀናለሁ። ያ የእኔ ጉዳይ ነው። ምክሩ ግን ሙሉ በሙሉ፣ ከተናገረው ሰው ስም ጋር ይተላለፋል።