የአስካለን ስም ያወጣው ማን ነው

ሰሞኑን ከጎረቤታችን ቤት የአጥሚት ሽታ ይመጣል። ልጅቷ ወልዳ ነው፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ በቆርቆሮው አጥር ሾልኮ ልብስ የማሰጣበት ድረስ ይደርሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ያምረው ነበር፤ እኔ ግን ልብሱን አስጥቼ ሳልጨርስ ወደ ቤት እገባለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስንቱን ቁጡ ደንበኛ ሳባብል እውላለሁ። ይህ ሽታ ሲመጣ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ በር ላይ እገተራለሁ።

ያኔ የምንኖረው ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የብረት በር የሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። ቤቶቹ የተለያዩት በቆርቆሮ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ አራቱ ቤት «ይማርህ» ይላል። አዛዣችን እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ሳቃቸው ወፍራም፣ ቁንጥጫቸው ደግሞ ነፍስ የሚያወጣ። ሲቆነጥጡኝ እናቴ ከውስጥ ሆና «እሰይ!» ትላለች እንጂ ልጄን ለምን አትልም፤ ወባ ሲጥለኝ ደግሞ አልጋዬ ሥር የሚያድሩት እሳቸው ነበሩ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆንና አገሩም ስለማይታመን እኛ ልጆች ከበሩ አንወጣም። በበሩ ስንጥቅ ጀበል ኩጁርን እያየን ከተራራው ጀርባ ምን እንዳለ ስንከራከር እንውላለን።

በዚያ ክረምት እናቴ እህቴን ወለደች። አባቴ ከከተማ ውጭ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርና አራሷን ያረሳት ግቢው ነው። በአሥረኛው ቀን፣ እትዬ ዘነበች ቤት ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ የወንዙ ወደብ ላይ ጭነት የሚያስወርዱት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ በምሳ ሰዓት ገቡ። ኢትዮጵያ ድረስ በደንብ የሚሰማ ስልክ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሴቶቹን ሰብስበው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ አሰላ ያሉት የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ሞተው ተቀብረዋል።

እትዬ ዘነበች ትራስ አፋቸው ውስጥ ከትተው አለቀሱ። ሌሎቹም ነጠላቸውን ነከሱ፤ ከቆርቆሮው ወዲያ እናቴ እህቴን እሹሩሩ እያለች ነበራ! ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል፤ አባቴም በስልክ «አርባ ቀኗ ይሙላ፣ እኔም ልድረስ» ብሏል። ያልተስማሙት የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታችን ማማ ኒያቦል ብቻ ናቸው። በስደት ጋምቤላ አድገው የተመለሱ ስለሆኑ አማርኛቸው ከኛ አይተናነስም።

«ሐዘን ይደበቃል እንዴ? ኋላ ይህቺ ሴት ምን ትላችኋለች?»

«መሌሽ ኒያቦል፣ አይክፋሽ፣ የኛ እንዲህ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። አገጬን ያዙና «ትንፍሽ ብትዪ የእህትሽ ወተት ይደርቃል፤ ኃጢአቱ በአንቺ ነው» አሉኝ። አይ እትዬ ዘነበች! ይህን ሁሉ ለአንዲት ፍሬ ልጅ!

ከዚያ በኋላ ግቢው እስር ቤት ሆነብኝ። ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን በራችን ላይ አውልቀው፣ ነጭ አጣፍተው፣ እየሳቁ ይገባሉ፤ ሲወጡ ጥቁሩን ያስራሉ። እኔ የማወልቀው ሻሽ እንኳ አልነበረኝም። እህቴ ጡት ስትጠባ ጉሮሮዋን እያየሁ ወተቱ መውረዱን አረጋግጣለሁ። እናቴ እሑድ እሑድ በጋሽ ታደሰ ስልክ አባቷን ታናግር ነበርና ሁለት እሑድ «ኔትወርክ የለም» ተባለች። በሦስተኛው እኔን ላከችኝ። «እኔ እንደሆነ ከቤት አልወጣ፤ አንቺ አናግሪያቸውና ለልጄ ስም ያውጡልኝ። ያንቺንም ያወጡት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ጋሽ ታደሰ ቤት በር ላይ ቆሜ ግድግዳ ሳይ ቆየሁና ተመለስኩ። «አገኘኋቸው» አልኳት። ምን አባቴ ልበል! ፊቷ ሲበራ ማፈግፈጊያ አጣሁ። ሽማግሌ የሚያወጣው ዓይነት ስም በጭንቅላቴ ስፈልግ የመጣልኝ አንድ ብቻ ነበር። «አስካለ ትባል ብለዋል።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ወይ አባባ! እኔ ሶልያና ልላት ነበር እኮ!» አለችና ወዲያው እንባዋ መጣ። «ይሁን፣ የሳቸው ቃል ነው» ብላ ግቢውን በሙሉ ጠራች። ሴቶቹ ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ እትዬ ዘነበች ክንዴን ከኋላ ቆነጠጡት፣ ሳምንት ሙሉ ሰምበር ሆኖ ቆየ። ግን ምን ያድርጉ? ለሞቱ ሰው ቃል እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ።

አርባ ቀኗ ሲሞላ አባቴ መጣና በማለዳ መርዶውን ነገሯት። ከለቅሶው መሀል ቀና ብላ መቼ እንደሞቱ ጠየቀች፤ ነገሯት። መጀመሪያ ጭኗ ላይ የተኛችውን አስካለን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ምነው በመታችኝ!

ግቢውን ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም። ወር ሙሉ እናቴ ድስት አልጣደችም፣ አባቴም ብቻውን አልዋለም፤ የወደቀ ሰው አጠገብ መቀመጥን የተማርኩት ከነዚሁ ሰዎች ነው። በእናቴ ፊት ዓይኔን ሳላርገበግብ መዋሸትንም እነሱው አስተማሩኝ። ከዚያ በፊት ለእናቴ ከገበያም ከቤተ ክርስቲያንም ወሬ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ «ምን አሉ? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» እያለች ቁጭ ታደርገኝ ነበር። ከዚያ ማለዳ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። የሰው ደኅንነት ማወቅ ስትፈልግ ራሷ ትሄዳለች።

አምና አስካለ ለኮሌጅ ፎርም ስትሞላ ስሟን አይታ ተነጫነጨች። እኩዮቿ ቤቲ፣ ሶሲ ሲባሉ እሷ ብቻ ባልቴት መስላ መቅረቷ አንገብግቧታል። ምሳ ላይ ነበርን። «ለመሆኑ ይህን ስም ማን አባቱ ነው ያወጣልኝ?» አለች።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ በገበታው ሥር ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አያትሽ ናቸው» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «ሊሞቱ ሲሉ በስልክ።»