ትርፍ በርጩማ

«ቆራሌው!»

ዛሬ ጠዋት ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር የአሮጌ ዕቃ ገዢው ሲጮህ፣ ገርጂ ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እናቴ ቆራሌ ጠርታ የተበሳ ጀሪካንና አሮጌ ጫማ ታስረክበው ነበር። እኔም ልርዳት ብዬ ጥግ ያለውን የእንጨት በርጩማ መሬት ለመሬት እየጎተትኩ አመጣሁ። ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ማንም አይቀመጥበትም እኮ፣ እማዬ!»

«ሰው ቢመጣስ? ቁም ልበለው?»

አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ቤታችን ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አይረግጠውም ነበርና ነገሯ አልገባኝም።

አሁን ብቻዬን ነው የምኖረው። ኑሮ ስለማቅለል የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አይቼ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያና አንድ ወንበር ብቻ አስቀርቻለሁ። ሁለተኛውን ወንበር ባለፈው እሁድ ለዚሁ ቆራሌ ሰጠሁት። ቤቱን ለማጽዳት አሥር ደቂቃ ይበቃኛል፤ የተረፈኝን ጊዜ ግን ምን እንደማደርገው እንጃ።

ጩኸቱ ሊርቅ ሲል ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

«የእሁዱ ወንበሬ አለ?»

«ተሸጠ እኮ! ምነው እህቴ፣ እንግዳ መጣብሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም» አልኩት። «ማንም አልመጣም።»