ዝምተኛው ሞተር

ባለቤቴ በሥራ ቀን ጭምት ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ማሽን ይጠግናል፤ ማታ በታክሲ ተጋፍቶ፣ ያኔ ወደምንኖርበት ቡራዩ ይገባና እራቱን በልቶ ዜና ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እሑድ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የዳገት ሞተር ይነዳ ነበር። ሞቶክሮስ የሚሉትን ማለቴ ነው፦ መብራት የለው፣ ሰሌዳ የለው፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለጭቃና ለኮረብታ እንጂ ለአስፋልት ያልተሠራ። ከእኔ ጋር ከመተዋወቁ በፊት የገዛው የቤንዚን ሞተር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኪራይ ግቢያችን ይፈታዋል። ካንዴላውን ያወጣል፣ ካርቡሬተሩን ያጥባል፣ ዘይት ይቀይራል። ልጃችንን አርግዤ ሳለሁ የቤንዚኑ ሽታ ሆዴን ስለገለበጠው ከኩሽናው ጀርባ ወስዶ አቆመው። ሲያስነሳው ደጋግሞ በእግሩ ይረግጠዋል፤ እንቢ ይለዋል፤ በመጨረሻ ሲነሳ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። አከራያችን መስኮታቸውን ከፍተው፣ "ኧረ በፈጠረህ! የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ቀሰቀስከው እኮ!" ይሉታል። እሱ በእጁ ይቅርታ ይጠይቅና ጋዙን ጨመር ያደርጋል። አንዴ ከኋላው ተቀምጬ ስወርድ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ባቴን አቃጥሎኛል። ጠባሳው አሁንም አለ።

ታናሽ ወንድሜ ሞተር የለመደው ከእሱ ነው። ሰበታ ከእናታችን ጋር ይኖራል፤ እዚያው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ባለቤቴን "ጋሼ" ይለዋል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ ወንድሜ ከወንድ ሊማር የሚገባውን ሁሉ፣ ጢም መላጨትን ሳይቀር፣ የተማረው ከባለቤቴ ነው። እሑድ እሑድ ተከራይተን በምንወስደው ፒክአፕ ሞተሩን ጭነው ሱሉልታ ይሄዱና በአንዱ ሞተር እየተፈራረቁ ይውላሉ። እኔም ልጄን ለእናቴ ትቼ አብሬያቸው እሄድ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን የሚጠፋበት ዘመን መጣ። ባለቤቴ የዕረፍት ቀኑን ማደያ ተሰልፎ ይጨርስ ጀመር። ተራው ሲደርስ ደግሞ "በጀሪካን አንቀዳም" ይሉታል። ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ሲመለስ ወንድሜ ይስቅበታል።

አንድ ቀን ወንድሜ አዲስ ሞተር በአይሱዙ አስጭኖ ቡራዩ መጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞቶክሮስ ነው። ሰበታ ገበያው አጠገብ መለዋወጫ ከሚሸጡ ሙስሊም ወንድማማቾች ነው የገዛው። ባለቤቴ ዙሪያውን ዞረው፣ ማርሚታ ፈለገ፣ አጣ። ፍሪሲዮን ፈለገ፣ እሱም የለም። ወንድሜ ቁልፉን አዞረው። ምንም ነገር አልተሰማም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ባለቤቴ። "የልብስ ስፌት መኪና ነው?"

"እሑድ እናያለን ጋሼ።"

እሑድ አየን። ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። እኔ እጄን ሳወርድ ባለቤቴ ማርሽ አስገብቶ ጋዝ እስኪሰጥ ወንድሜ ዳገቱ እግር ደርሶ ነበር። ከጎማው ላይ የሚረጨው አፈር ብቻ ነው የሚሰማው፤ እንደ ወንፊት ድምፅ። ዳገቱን ማርሽ መቀነስ መጨመር ሳያስፈልገው በአንዴ ወጣው። ጭቃው ጋ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የኤሌክትሪኩ ጉልበት በአንዴ ስለሚመጣ የኋላ ጎማው በባዶ እየተሽከረከረ ወንድሜን ጣለው። ባለቤቴ ቀስ እያለ፣ ሞተሩን እያጉረመረመ አልፎት ሄደ።

"እኔ ጎማው መሬት መያዝ አለመያዙን በጆሮዬ ነው የማውቀው" አለው ኋላ።

"እኔ በመቀመጫዬ" አለ ወንድሜ፣ የጭቃ ሱሪውን እያሳየ።

ክርክራቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አላቆመም። ብርድ ሲሆን ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ባለቤቴ ከጀሪካኑ ጨመር አድርጎ ይቀጥላል። ወንድሜ ደግሞ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ሰኞ ጠዋት ንጹህ እጁን ይዞ ሥራ ይገባል። ዘይት በነካው እጁ እንጀራ የሚበላው ማን እንደሆነ ባለቤቴን ይጠይቀዋል። ሰበታ መብራት ሲጠፋ ግን ቅዳሜን በጭንቀት ነበር የሚያድረው።

እኔ ለየትኛው እንደማደላ ጠይቀውኝ አያውቁም። ቢጠይቁኝ ለኤሌክትሪኩ እላቸው ነበር። የቤንዚኑን ሊያስተምረኝ ባለቤቴ ብዙ ደክሟል። በአንድ እጅ ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ በሌላው ጋዝ መስጠት፣ በእግር ማርሽ ማስገባት፤ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል፤ አስነሺው ሲለኝ ደግሞ መርገጫው ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። የወንድሜን ሞተር ግን በተቀመጥኩበት በመጀመሪያው ቀን ነዳሁት። ሜዳውን አቋርጬ ስሄድ የወፎቹን ድምፅ እሰማ ነበር፤ የቀሚሴን መርገብገብ እሰማ ነበር። ከሠርጌ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

የአካባቢው ገበሬ ግን አልወደዱትም። ፒክአፓችንን አጥራቸው አጠገብ የምናቆምባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው። "አካም ጂርቱ" ተባብለን ሰላምታ ከጨረስን በኋላ አንድ ቀን ወንድሜን፣ "ያኛው ሲመጣ ከሩቅ እንሰማለን፤ ጥጃ እናስገባለን፣ ልጅ እንጠራለን። ያንተው ግን እንደ እባብ ነው። ድንገት እግራችን ሥር ነው የምናገኘው" አሉት።

"ጥሩንባ አስገባለታለሁ ኦቦ፣ አይስጉ" አላቸው።

ያ የማልረሳው እሑድ በመስከረም መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል። ጠዋት ስንደርስ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ባለቤቴ እስኪገለጥ እንጠብቅ አለ። ወንድሜ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መቀመጥ አልሆነለትም።

"አንድ ዙር ብቻ። ሞተርህን ረግጠህ እስክታስነሳ ድረስ ተመልሼ እመጣለሁ" አለውና ሄደ።

ጉሙ ውጦት ሲቀር ቆሜ አየሁት። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ባለቤቴ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ዳገቱን ያዘ፣ አሁን ዞረ፣ አሁን ቁልቁለቱ ላይ ነው እያልን በጆሯችን እንከተለው ነበር። ቢወድቅም ሞተሩ ይጮሃል፣ ወይም ድንገት ይቆማል፤ ሁለቱንም እናውቃቸዋለን። የወንድሜ ዝምታ ግን ሲሄድም፣ ሲቆምም፣ ሲወድቅም አንድ ነው።

ሻይ ጠጣን። የፒክአፑ ሹፌር ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራል። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ አሞቀ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ዳገቱ አየና፣ "ይሄ ልጅ ባትሪ ጨርሶ እየገፋ ይሆናል" አለ።

"በአንድ ዙር ነው ባትሪ የሚያልቀው?" አልኩት።

የራስ ቁሩን አጠለቀና ሄደ።

ሞተሩ ሲወጣ ሰማሁት። ከጫፉ ላይ ሲዞር፣ በሸለቆው አፋፍ ሲመጣ፣ እንደገና ሲወጣ ሰማሁት። ተመልሶ መጥቶ "እዚህ አልመጣም?" አለኝ። ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ፒክአፑ ውስጥ ከወንድሜ ጃኬት ኪስ ጮኸ። ባለቤቴ አፈር እየረጨ እንደገና ተመለሰ። ያንን አፋፍ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት አላውቅም። እኔና ሹፌሩ በእግራችን፣ ኦቦ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሌላው ወገን፣ ስሙን እየጠራን በሣሩ ውስጥ ሄድን። ከላያችን ሞተሩ ያጓራል።

ያገኘችው ለከብቶቿ ሣር ልታጭድ የወረደች ሴት ናት። ባለቤቴ ወደ ማዶው ጋራ ርቆ በነበረበት ሰዓት ድምፅዋን ሰማን፦ "ናምኒ አስ ጂራ! ሰው! ሰው እዚህ አለ!"

ከአፋፉ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ በጀርባው ተኝቷል። ሞተሩ ከእሱ ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦ ይዞታል፤ የባትሪ ማሳያው ትንሽ መብራት እንደበራ ነው። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩ ላይ አፈር ነበረበት፤ ጠረግኩለት።

"እትዬ፣ እግሬ የት ነው?" አለኝ።

"እዚሁ ነው። አለ" አልኩት።

ኦቦና ጎረቤቶቻቸው ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና ጋቢ አጋጥመው ቃሬዛ ሠሩ። ባለቤቴ ደርሶ አንዱን ጫፍ ያዘ። እስከ ፒክአፑ ድረስ ተሸክመነው ሄድን፤ ወንድሜ በየእርምጃው ያቃስት ነበር።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪው እንደተሰበረ ነገሩን። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፣ ወደፊትም አይንቀሳቀስም። ሐኪሙን ብቻውን አግኝቼ፣ "ቶሎ ብናገኘው ኖሮስ?" አልኩት።

"ጉዳቱ ሲወድቅ ነው የደረሰው። ያ ሁሉ ቆይታ ብርዱን ነው የጨመረበት እንጂ እግሩን አልወሰደበትም" አለኝ።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። አልሰማችኝም። እናቴ የያዘችው ሌላ ነው። "ድምፅ ቢኖረው ኖሮ" ትላለች፣ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ። "ያ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰይጣን ነው ልጄን የበላው። እንደ ሰው ሞተር ቢጮህ ኖሮ ወዲያው ያነሱት ነበር።" ጠያቂውም ራሱን ይነቀንቃል። ሞተሩ ግቢዋ እንዳይገባ ስላለች ሱሉልታ ኦቦ ጋ ቀረ። ያችን ሴት ልናመሰግን የሄድን ጊዜ ከጭድ ክምሩ ጎን ተደግፎ አየሁት፤ መሪው ላይ የታጠበ ጨርቅ ተሰጥቶበታል።

የቡራዩ ቤታችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበር አይገባበትም። እሱን ትተን ሰበታ፣ ከእናቴ ቤት ጎን ተከራየን። ባለቤቴ የቤንዚኑን ሞተር ለአንድ የከተማ ልጅ ሸጠው፤ ሲወስዱት ከቤት አልወጣም። ከእኔ ጋር ብዙ አያወራም። ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ ወንድሜን የሚያነሳው፣ የሚያገላብጠው እሱ ነው፤ እኔ አልችለውም። ጀርባው እንዳይቆስል ሁልጊዜ መገላበጥ አለበት። ሁለቱ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ስለ ፋብሪካው ያወራሉ። ስለ ሞተር አንድም ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው በጋ፣ ባለቤቴ ሥራ ሄዶ፣ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጥታ፣ የወንድሜን ፀጉር እቆርጥለት ነበር። እናቴ ከመውጣቷ በፊት ከጎረቤት ጋር ያንኑ የሞተሩን ዝምታ ስታወራ ሰምቷል።

"እትዬ" አለኝ፣ "እኔ እኮ እሰማው ነበር።"

"ማንን?"

"ጋሼን። ሞተሩን።"

መቀሱን አስቀመጥኩ።

"መጀመሪያ ከታች ሲነሳ ሰማሁት። መጣልኝ አልኩ። ከዚያ ከራሴ በላይ፣ አፋፉ ላይ ደረሰ፤ አፈር ፊቴ ላይ ወደቀ። ጮህኩ። ደረቴ አየር የለውም፣ ግን ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ሄደ። ተመልሶ መጣ። ሲርቅ እጮሃለሁ፣ ከሩቅ አይሰማም። ሲቀርብ እጮሃለሁ፣ ሞተሩ ይውጠዋል። እናንተም ስሜን ስትጠሩ ይሰማኝ ነበር። በኋላ ደከመኝ። ጋራው ማዶ ሲሄድ ነው ሴትዮዋ የሰማችኝ።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?" አልኩት።

"ለማን? ለእሱ?" ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። "እንዳትነግሪው። በእናታችን ይዤሻለሁ። እማዬም የያዘችውን ትያዝ።"

አልነገርኩትም። ሐኪሙ ያለኝን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ፦ ቶሎ ቢገኝም እግሩ ያው ነው። እውነት መሆኑንም አምናለሁ። ያ ሁሉ አፋፍ ላይ መመላለስ ግን፣ ከሥሩ ወንድሜ እየጮኸ፣ ስተኛም ስነሳም ከጆሮዬ አይወጣም።

የዚያን ቀን ባለቤቴ አመሻሽ ላይ ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ወንድሜን በብብቱ ሥር ይዞ አዞረው። ወንድሜ አንገቱን አቀፈው።

"አመመህ?" አለው ባለቤቴ።

"አይ ጋሼ።"

እኔ አንሶላውን ቀየርኩ።